ጃንሜዳ ረጥቦ ነው ወይስ ከሰው ይዞት? ስለ ጆሮ ደግፍ ለአንዲት እናት የሕፃናት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከአራት ኪሎ ነው። እናትየዋ እንዲህ ይላሉ፦

«የ7 ዓመት ልጄ ጥር 28 ጠዋት ሲነሳ በግራ ጆሮው ሥር አብጦ አገኘሁት። ትኩሳት አለው፣ ማኘክ አቅቶታል። አማቴ ‹ለጥምቀት ጃንሜዳ በውሃ ረጥቦ ብርድ መትቶት ነው› ይላሉ። ጎረቤቶቼ ጆሮ ደግፍ ነው ብለውኛል። ክፍሉ ውስጥ ግን የታመመ ልጅ የለም። ከጥር 10 እስከ 12 እህቴ ቤት ነበር፤ ከልጇ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው ያደሩት። የእህቴ ልጅ ጥር 13 ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጦ ነበር። በበዓሉ ጊዜ ግን ፍጹም ጤነኛ ስለነበር ከሱ ነው ማለት አልችልም። ልጄ ክትባቱን አንድም ሳይቀር ወስዷል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ጀምሬለታለሁ። ቤት ውስጥ የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የ22 ዓመት ወንድሜ ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ይተኛል። እኔ ደግሞ የ3 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ይሄ ነገር ከየት መጣ? ለማንስ ነው መስጋት ያለብኝ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አይደንግጡ። የገለጹት ምልክት ጆሮ ደግፍን በደንብ ይመስላል። አብዛኛው ልጅ ደግሞ በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ውስጥ ደህና ይሆናል። በዓይኔ ሳላየው ግን «ነው» ብዬ ልፈርምልዎት አልችልም። አቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወስደው ያሳዩት። ከዚህ በታች የምጽፈው በሽታው ጆሮ ደግፍ ነው ብለን ነው።

አማትዎ ስለ ቀኑ ሳይሳካላቸው አልቀረም። ነገሩ ከጥምቀት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ምክንያቱ ግን ውሃውም ብርዱም አይደለም።

ጆሮ ደግፍን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ፓራሚክሶቫይረስ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ የኩፍኝ ቫይረስም የዚያው ቤተሰብ ነው። የሚኖረው ሰው ላይ ብቻ ነው። ከውሻ፣ ከድመት፣ ከዶሮ አይመጣም። ከቆሸሸ ውሃ አይመጣም። ቫይረሱ ያልገባበት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ቢያድር እንኳ በጆሮ ደግፍ አይታመምም። ሌላ ነገር ሊይዘው ይችላል፣ ይሄ ግን አይይዘውም።

አማትዎን አይቆጧቸው። በአየሩ የፈረዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ግሪካዊው ሐኪም ሂፖክራተስ ታሶስ በምትባል ደሴት ያየውን ጽፏል። ከጆሯቸው አጠገብ የሚያብጡ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም የዘር ፍሬያቸው ያብጥ ነበር። ጽሑፉን የሚጀምረው ስለ ዝናቡና ስለ ነፋሱ በመናገር ነው። እዚያው ላይ ግን አንድ ጥሩ ነገር አስተውሏል። በብዛት የታመሙት በትግልና በስፖርት ቦታ አብረው የሚውሉት ነበሩ። ማለትም ትንፋሽ ለትንፋሽ የሚገናኙት። እውነቱ የተገለጠው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ጆንሰንና ጉድፓስቸር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የታማሚዎችን ምራቅ ወሰዱ። ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉት። የተጠለለውን ለዝንጀሮዎች ሲሰጧቸው ዝንጀሮዎቹ አበጡ። ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር እንዳለና ያም ነገር ምራቅ ውስጥ እንደሚገኝ በዚያ ታወቀ።

ምራቅ ውስጥ። ስለ መተላለፉ ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ቫይረሱ ገብቶ እብጠት እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቀን ይፈጃል። ቢያጥር 12፣ ቢረዝም 25 ቀን ነው። ይህን ሁሉ ቀን ምን ያደርጋል? መጀመሪያ የሚራባው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ነው። ከዚያ ወደ አንገት ንፍፊቶች ይዘልቃል። ቀጥሎ ደም ውስጥ ይገባል። የምራቅ ዕጢዎቹን የሚያገኛቸው በደም ዞሮ ነው፤ ሲያገኛቸው ያብጣሉ። በደም ስለሚዞር ነው አንዳንዴ የዘር ፍሬን፣ ቆሽትን ወይም የአንጎል ሽፋንን የሚነካው።

እንግዲህ ከጥር 28 ወደ ኋላ ይቁጠሩ። 16 ቀን ሲቀንሱ ጥር 12 ነው። 18 ሲቀንሱ ጥር 10 ነው። ከተራን፣ ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን በትክክል ይገጥማል። ልጅዎ በእነዚያ ቀናት የት ነበር? እህትዎ ቤት፣ አንድ ፍራሽ ላይ።

«በበዓሉ ጊዜ ፍጹም ጤነኛ ስለነበር» ብለዋል ስለ እህትዎ ልጅ። አብዛኛው ወላጅ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የጆሮ ደግፍ ታማሚ ማስተላለፍ የሚጀምረው ጉንጩ ከማበጡ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ካበጠ በኋላ ደግሞ እስከ 5 ቀን ያስተላልፋል። የእህትዎ ልጅ ያበጠው ጥር 13 ከሆነ ጥር 11 ላይ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ነበረ ማለት ነው። ይሮጣል፣ ይዘፍናል፣ ይበላል። ማንም አይጠረጥረውም። ልጅዎ አጠገቡ ተኝቷል፣ ከአንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይሆናል። ጆሮ ደግፍ የሚዛመተው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ካበጠው ልጅ እንርቃለን፤ ገና ያላበጠውን ግን አቅፈን እንስማለን።

«ጥርሱን ታሞ» የተባለው ነገርም አላሳመነኝም። ጥርስ ሊሆን ይችላል። ግን በ15 ቀን ልዩነት፣ አብረው ያደሩ ሁለት ልጆች፣ ሁለቱም ጉንጫቸው አብጦ ሲገኝ እኔ ጥርስ ነው ብዬ አላልፈውም። እህትዎን ይጠይቋቸው። ጥርሱ ተነቅሏል? ተሞልቷል? ወይስ በራሱ ጊዜ ጠፋ? በራሱ ከጠፋ ግምቴ ይጠነክራል።

አደራ፣ ይሄ ነገር የእህትማማች ቅያሜ እንዳይሆን። ያ ልጅም ከሌላ ሰው ነው የያዘው። ከጥር 13 ወደ ኋላ ቢቆጥሩ ወደ ገና አካባቢ ይደርሳሉ። ገናም ዘመድ የሚሰበሰብበት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰው ማንም አያገኘውም።

ክፍሉ ውስጥ የታመመ አለመኖሩም ብዙ አያስገርምም። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከ5 አንዱ፣ አንዳንዴም ከ3 አንዱ ጭራሽ አያብጥም። ጉንፋን መስሎት ያልፋል፣ ወይም ምንም አይሰማውም። እንዲህ ያለ ሰው ግን ያስተላልፋል። በተለይ ትንንሽ ልጆች ላይ ሳልና ንፍጥ ብቻ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

ለመሆኑ በምን በምን ይተላለፋል? በሳልና በማስነጠስ ጊዜ በሚረጨው ፍንጥቅጣቂ። በቀጥታ በምራቅ። ምራቅ የነካውን ዕቃ ወይም እጅ አፍና አፍንጫ ላይ በማድረግ። በእኛ ቤት ቋንቋ ካልነው ጉርሻ አለ። የልጅ ሕመም ስናይ «ብላልኝ» ብለን የምናጎርሰው፣ እሱ ቀምሶ የተወውን ደግሞ እኛው የምንጨርሰው ነገር አለ። ትምህርት ቤት አንዱ የሌላውን ኮዳ ይጠጣል። እርሳስ ይነክሳል፣ ያውሳል። ፊኛ ተራ በተራ ይነፋሉ። እነዚህ ሁሉ የምራቅ መንገድ ናቸው።

ከኩፍኝ ጋር ሲነጻጸር ግን ጆሮ ደግፍ ቀርፋፋ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከክፍሉ ወጥቶ ሄዶ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ጆሮ ደግፍ ቀረብ ያለ ግንኙነት ይፈልጋል። ከፒያሳ መገናኛ በሚኒባስ አንዴ ከታማሚ ጋር በመሳፈር የመያዝ ዕድል ቢኖርም፣ አንድ ክፍል ከሚያድሩት ጋር አይወዳደርም። ብርዱ እንግዲህ ምናልባት በተዘዋዋሪ ይገባል። ሲበርድ «መስኮቱን ዝጋው» ይባላል። ታክሲውም፣ ክፍሉም፣ ቤቱም ይዘጋል። ሰው ይጠጋጋል። ቫይረሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ጆሮ ደግፍ መሆኑ በምን ይለያል? ጥሩ ብርሃን ባለበት ከልጁ ፊት ለፊት ይቀመጡና ሁለቱን ጆሮዎች ያስተያዩ። በጆሮ ደግፍ ዕጢው ከጆሮ ሥርና ፊት ለፊት ስለሚያብጥ ለጉትቻ የሚበሳውን የጆሮ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚያ በጣትዎ የመንጋጋውን ማዕዘን ይፈልጉ። በደህናው በኩል አጥንቱ ጥርት ብሎ ይገኛል። ባበጠው በኩል ይጠፋል፣ እብጠቱ ሸፍኖታል። ንፍፊት ከሆነ እብጠቱ ከመንጋጋ በታች አንገት ላይ ነው፤ የመንጋጋው ማዕዘን ይዳሰሳል። ጥርስ ከሆነ እብጠቱ ወደ ጉንጩ ፊት ይመጣል፤ የታመመውን ጥርስ መታ ሲያደርጉት ልጁ ይጮኻል። ሐኪሙ ደግሞ አፉን ከፍቶ ጉንጩ ውስጥ፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ያያል። የምራቅ ቱቦው መውጫ ናት። በጆሮ ደግፍ ቀልታ፣ አበጥ ብላ ትታያለች። መግል ከወጣባት ነገሩ የባክቴሪያ ነው፤ ሕክምናው ይለያል። ለወራት የሚቆይ ወይም እየተመላለሰ የሚያብጥ ዕጢም ጆሮ ደግፍ አይደለምና ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስለ ክትባቱ። «አንድም ሳይቀር ወስዷል» ያሉትን አምናለሁ፤ እንኳን ወሰደ። ነገር ግን በአገራችን መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ የጆሮ ደግፍ ክትባት የለም። በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው ለኩፍኝ ነው። ቤተሰቡ አንድ ቢሆንም ቫይረሱ የተለየ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይከላከልም። ካርዱ ሙሉ መሆኑ ስለ ጆሮ ደግፍ ምንም አይነግረንም።

ክትባቱ በዓለም ላይ ካለ ቆይቷል፤ ታሪኩም ደስ ይላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 አሜሪካ ውስጥ ሞሪስ ሂልማን የሚባለውን የክትባት ተመራማሪ የ5 ዓመት ልጁ ጄሪል ሊን ሌሊት ጉንጯ አብጦ ቀሰቀሰችው። ጉሮሮዋን በጥጥ ጠርጎ ናሙናውን ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደ። ቫይረሱን በዶሮ ዕንቁላል ውስጥ ደጋግሞ በማሳደግ አደከመው። በ1967 ክትባት ሆኖ ፈቃድ አገኘ። ዛሬም ድረስ በልጅቷ ስም የሚጠራው ያ ዝርያ ይሠራበታል። በ1971 ከኩፍኝና ሩቤላ ከሚባለው ሌላ የሽፍታ በሽታ ክትባቶች ጋር አንድ ላይ ተዋሕዶ መሰጠት ጀመረ። ሁለት ጊዜ የተከተበ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በ86 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

እና ለምን ለሁሉም ልጅ አይሰጥም? የኩፍኝ ክትባት የቀደመው ኩፍኝ ልጆችን ስለሚገድል ነው። ጆሮ ደግፍ የሚገድለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሌላም ስጋት አለ። ክትባቱ ለጥቂት ልጆች ብቻ ከተሰጠ የቫይረሱ ዝውውር ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ያኔ ያልተከተቡት በልጅነታቸው ሳያገኙት ያድጋሉ፣ ከዚያ በ20 ዓመታቸው ይይዛቸዋል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ይከፋል። ስለዚህ ክትባቱ ሲሰጥ በስፋት መሰጠት አለበት። እኔ አንድ ቀን የልጆቻችን ሁሉ ካርድ ላይ ባየው ደስ ይለኛል። ለትንሿ ልጅዎ በግል ክሊኒክ የሚገኝ ከሆነ መጠየቅ ይችላሉ። ሆኖም አሁን ቢወጉላት ከወንድሟ ቀድሞ የገባባትን ቫይረስ አይከላከልላትም፤ የሚጠቅማት ለወደፊቱ ነው።

አሞክሳሲሊኑ። ለቫይረስ አይሠራም። እብጠቱን አያጎድልም፣ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍም አያደርግም። ተቅማጥና ሽፍታ ሊያመጣ ግን ይችላል። ልጁን ሲያሳዩ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፤ ጆሮ ደግፍ መሆኑ ከተረጋገጠ ይቁም። ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ይበቃዋል። አስፕሪን ለልጅ አይስጡ። በቫይረስ የታመመ ልጅ ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላል።

አማትዎ ዳማከሴ ቢያሹት እጃቸው ይባረክ፤ ሽታው ቢያጽናናው አልከለክልም። ጭማቂውን ጆሮው ወይም ዓይኑ ውስጥ ግን እንዳያንጠባጥቡ። አጥብቄ የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። እብጠቱን ማንም እንዳይተኩሰው፣ እንዳይበጣው። የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚያልፈው በዚያው ዕጢ ውስጥ ነው። እሱ ከተጎዳ ልጁ ዓይኑን መክደን ያቅተዋል፣ አፉም ይጣመማል። በሳምንት ለሚጠፋ እብጠት የዕድሜ ልክ ጠባሳ ማትረፍ ነው።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ። እንጀራ እንቢ ካለ ሞልቃቃ ሆኖ አይደለም። የኮመጠጠ ነገር ምራቅ ያስመነጫል፤ ያበጠው ዕጢ ምራቅ ሊገፋ ሲሞክር ነው ሕመሙ ጆሮው ድረስ የሚወጋው። ሎሚና ብርቱካንም እንደዚያው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስለስ ያለ ገንፎ ያለ በርበሬ፣ ሙዝ ይስጡት። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ ጨርቅ፣ የቱ እንደሚሻለው እሱን ይጠይቁት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቀኙም ቢያብጥ አዲስ በሽታ አይደለም፣ ያው ነው። አንድ ጎን ብቻ አብጦ ቢያልፍም «ሌላኛው ይመለስበታል» የሚባለው ልክ አይደለም። አንዴ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ አይደገምበትም።

አሁን ለማን ልስጋ ላሉት። ቤት ውስጥ እኔ በጣም የማስብለት ለልጁ አይደለም፣ ለእርስዎም አይደለም። ለወንድምዎ ነው።

ለአካለ መጠን የደረሰ ያልተከተበ ወንድ ጆሮ ደግፍ ሲይዘው ከ10 ሰው ወደ 3ቱ የዘር ፍሬያቸው ይቆጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጉንጩ ካበጠ ከ4 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ትኩሳቱ እንደገና ይነሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያስታውካል። የዘር ፍሬው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሱሪ መልበስ ያስመርራል። ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው የሚያብጠው። ከተቆጡት ግማሽ ያህሉ ላይ በኋላ መጠኑ ትንሽ ይቀንሳል። ጎረምሶች «መካን ያደርጋል» ተብሎ ሲነገራቸው ይሸበራሉ። ሙሉ በሙሉ መካን መሆን ግን ብርቅ ነው፣ ሁለቱም ተቆጥተው እንኳ። ይህን ይንገሩት፤ አፍሮ እንዳይደብቅ።

ሌላም ነገር ይወቅ። የዘር ፍሬ በድንገት ክፉኛ ከታመመ «ከልጁ የያዘኝ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። የዘር ፍሬ በራሱ ላይ ሲጠመዘዝም ልክ እንደዚሁ ያማል። ያኔ ደሙ ስለሚቋረጥ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ሁለቱን ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

መጀመሪያ ግን እናታችሁን ደውለው ይጠይቁ። ወንድምዎ ልጅ ሆኖ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር? በሁለቱም ጎን ያበጠ እንደሆነ እናት አትረሳውም። ይዞት ከነበረ ብዙም አይስጉ። ካልያዘው ወይም ካልታወቀ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ክፍል ይተኛ፤ ሳሎን ፍራሽ ቢነጠፍለትም ይሁን። ብርጭቆና ማንኪያ አይጋሩ። እውነቱን ለመናገር ከጥር 26 ጀምሮ አብሮት ስለተኛ ቫይረሱ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየካቲት 8 እስከ የካቲት 28 ባለው ጊዜ ጆሮው ሥር ሕመም፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ከተሰማው ክፍልም ሥራም አይሂድ። በተለይ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ጓደኞች ጋ ማደር የሚወድ ከሆነ በእነዚህ ሳምንታት ይተወው።

ስለ እርስዎ እርግዝና። ብዙ ሰው ጆሮ ደግፍን ከሩቤላ ጋር ያምታታል። ሩቤላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል። ጆሮ ደግፍ ግን የፅንስ አካል ጉድለት እንደሚያመጣ አልታወቀም። በልጅነትዎ ይዞዎት ከነበረ ጭራሽ አያስቡበት። ካልያዘዎት እጅዎን በሳሙና ቶሎ ቶሎ ይታጠቡ። የዚህ ቫይረስ ሽፋን ስብ ስላለበት ሳሙና ያፈርሰዋል። የልጁን ትራፊ አይብሉ። እሱን ማጎረስና ማስተኛት ለአንድ ሳምንት ለባለቤትዎ ወይም ለአማትዎ ይተዉላቸው። አሁን ግን ክትባቱን መወጋት አይችሉም፤ ሕያው ቫይረስ ስላለው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ቤት ውስጥ ጆሮ ደግፍ እንዳለ ይንገሯቸው።

ትንሿ ልጅ የያዛት እንደሆነ ቀለል ብሎ ያልፋት ይሆናል። ሁለቱም ልጆች ላይ ግን የመስማት ነገርን ልብ ይበሉ። ይህ ቫይረስ አንዳንዴ የውስጥ ጆሮን ይነካል። በቋሚነት የሚደነቁር እጅግ ጥቂት ነው፤ ክትባት ባልነበረበት ዘመን ከ20,000 ታማሚ አንድ ገደማ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚነካው አንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳያስተውለው ዓመት ያልፋል። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ አንድ ጆሮውን በእጁ ያስደፍኑትና በሌላው ከኋላው ሆነው በሹክሹክታ ስሙን ይጥሩት። ወይም አባቱን ስልክ ላይ አቅርበው በየተራ በሁለቱም ጆሮ ያነጋግሩት። በአንዱ «አይሰማኝም» ካለ ያስመርምሩት።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ነገሮችም አሉ። ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መፍዘዝ ወይም የማይነቃ እንቅልፍ፣ የሚጥል ነገር። የጆሮ ደግፍ ቫይረስ ካልተከተቡት ታማሚዎች እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ የአንጎል ሽፋንን ያስቆጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ያልፋል። ግን ባክቴሪያ ከሚያመጣው ገዳዩ ማጅራት ገትር ቤት ውስጥ አይለይም። እሱ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም። ከእምብርት በላይ የሚበረታ የሆድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣም ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል ያሳዩት። እብጠቱ ላይ ቆዳው ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ልጁ ውሃ እንኳ መዋጥ ካቃተው እንደዚሁ።

ትምህርት ቤት እስከ የካቲት 3 አይሂድ። ቀኑ የሚቆጠረው መጀመሪያ ካበጠበት ከጥር 28 ነው፤ ቀኙ ዘግይቶ ቢያብጥም ቆጠራው አይታደስም። ጥር 30 ቀን ነውና 5 ቀኑ የካቲት 3 ላይ ይሞላል። የካቲት 4 ትኩሳት ከሌለውና ከበረታ ይመለስ፤ ትንሽ እብጠት ቢቀረው ችግር የለውም። ለመምህሩ ግን ዛሬውኑ ይደውሉ። ጥር 26 እና 27 ክፍል ገብቶ ከነበረ አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ወላጆች ማወቅ አለባቸው። ቤታቸው ውስጥ ጆሮ ደግፍ ይዞት የማያውቅ ጎረምሳ ወይም አባወራ ካለ ከየካቲት 8 ጀምሮ ነቅተው ይጠብቁ። ለእህትዎም እንደዚሁ ይደውሉ። ልጃቸው አሁን የሚያስተላልፍበት ጊዜ አልፏል። እሳቸው ቤት ያሉት ወንዶች ግን እስከ የካቲት 13 ድረስ ሊያብጡ ስለሚችሉ የዘር ፍሬውን ነገር አይደብቋቸው፤ የልጁንም ሁለት ጆሮ በስልክ ይፈትሹለት።